የጋኑ ወይን

ዘቢብ ከሌለ ቅዳሴ የለም። ለማያውቅ ላስረዳ፤ ለቁርባን የሚቀርበው ወይን የሚጨመቀው ከደረቅ ዘቢብ ነው። ዘቢብ ደግሞ በኛ አገር አይበቅልም፤ ነጋዴ በበቅሎ ጭኖ በኮረም በኩል ሲያመጣው ብቻ ነው የምናገኘው። ባለቤቴ ከሰቆጣ ወጣ ብሎ በሚገኘው ደብራችን ገበዝ ነበሩ። ገበዝ ማለት የቤተ ክርስቲያኑን ንብረት የሚጠብቅ፣ ቁልፉን የሚይዝ፣ የቅዳሴው ስንዴና ዘቢብ እንዳይጓደል የሚጨነቅ ቄስ ነው። ስንዴው ብዙ አያስቸግርም ነበር። ዘቢቡ ግን በነጋዴው ፀባይና በመንገዱ ላይ የተንጠለጠለ ነገር ስለነበር ባለቤቴ እንቅልፍ የሚያጡት ስለሱ ነበር።

አንድ ክረምት ነጋዴው ቀረ። ወንዝ ሞልቶበት ይሁን ታሞ ይሁን የሚያውቅ አልነበረም። እሁድ ጠዋት ሕዝቡ ነጠላውን አጣፍቶ ቆሞ ሲጠብቅ ባለቤቴ ወደ ደጀ ሰላሙ ወጡና «ዘቢብ አልቋል፣ ዛሬ ቅዳሴ የለም» አሉ። የልጅ ልጃቸውን ክርስትና ሊያስነሱ ከሩቅ የመጡ አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ በሁሉ ፊት «አንተም ገበዝ ተብለህ ቁልፍ ትይዛለህ?» አሏቸው። ባለቤቴ ኩሩ ሰው ናቸው። ፊታቸው ሲጠቁር ከሴቶቹ ወገን ሆኜ አየሁት። «ከእንግዲህ ነጋዴ አልለምንም!» ብለው ጮኹ። «ወይኑን እኔው በቤቴ አበቅላለሁ። ሦስተኛው ጥምቀት ሲደርስ የራሴን ዘቢብ ይዤ እዚሁ ካልቆምኩ ቁልፉን ለሌላ ስጡት!»

ውይ! ሮጬ አፋቸውን ብይዘው ደስ ባለኝ። ወይን ሲበቅል ምን እንደሚመስል እንኳ ሁለታችንም አይተን አናውቅም።

እኔ ያኔ ከፃግብጂ ተድሬ ከመጣሁ ገና ብዙም አልቆየሁም። እናትና አባቴ ቤት የሚነገረው ኽምጣንጋ ስለነበር አማርኛዬ ይንገዳገድ ነበር። የባለቤቴ እናት አብረውን ነበር የሚኖሩት፤ ባላቸው ሲሞቱ ቆብ ደፍተው የመነኮሱ ናቸውና እማሆይ እንላቸዋለን። «ይቺ ልጅ ስታወራ ድንጋይ የምትፈልጥ ነው የምትመስለው» እያሉ ይስቁብኛል። ክፉ ሴት አልነበሩም፤ ይህን አስቀድሜ ልናገር፣ ኋላ የምለው እንዳያሳስት።

ነጋዴው በመጨረሻ ብቅ ሲል ባለቤቴ ዘቢቡን ተቀብለው «ተክሉን አምጣልኝ» አሉት። በሚቀጥለው ጉዞው አመጣ። ኮረም አካባቢ ጣሊያን ትቶት ከሄደው አንድ ግቢ የተቆረጠ፣ በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ነው። ጨርቁን ስንፈታው ክንድ የማያክል ደረቅ እንጨት። እኔ ለእሳት መያዣ የመጣ መስሎኝ ነበር። ባለቤቴ ግን ታቦት እንደሚሸከም ሰው በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ቤት አስገቡት።

ውጭ መትከል አይታሰብም። ፍየል አለ፤ የኛ አገር ፍየል የሚምረው ድንጋይ ብቻ ነው። በረዶ አለ፣ አንበጣ አለ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ዓይን አለ፤ ሰው ሁሉ መሐላውን ሰምቷል፣ ሰው ሁሉ መጥቶ ያያል። ስለዚህ ቤት ውስጥ ይሁን ተባለ፤ በምሥራቅ በኩል ባለችው ጠባብ መስኮት ሥር፣ በእማሆይ የጠላ ጋን ውስጥ። ጋኑ አፉ ትንሽ የተሸረፈ ስለሆነ ለጠላ አይሆንም፤ ግን እማሆይ የተዳሩበት ጋን ነው። «ታችኛውን ትንሽ ብንበሳውሳ፣ ውሃው እንዲወጣ?» አልኩ። እማሆይ «የሰርጌን ጋን ነው የምትበሽው?» ብለው አፈጠጡብኝ፤ ሳይበሳ ቀረ።

ከዚያ ደግሞ የአፈሩ ጣጣ መጣ። አባቴ ገበሬ ነው። በኛ ቤት አንድ ነገር እንዲበቅል የተፈለገ እንደሆነ ከበረት የፍየል በጠጥ ተዝቆ ይጨመራል፣ አለቀ። ይህንኑ ተናገርኩ። ባለቤቴ ዓይናቸው ፈጠጠ።

«ነገ ክቡር ደሙ የሚሆነውን ዛሬ በበጠጥ ላሳድገው? አንቺ ሴት፣ ምን ነክቶሻል?»

«ስንዴውስ?» አልኩ። «ሥጋው የሚሆነው ስንዴ ፍግ የተበተነበት ማሳ ላይ አይደለም የሚበቅለው?»

ባለቤቴ «እሱ ሜዳ ላይ ነው፣ ይሄ ቤት ውስጥ ነው» አሉ። ልዩነቱ ምን እንደሆነ ይሄው እስከ ዛሬ አስባለሁ፣ አልገባኝም። እሳቸውም የገባቸው አይመስለኝም፤ በማግስቱ ወደ መሪጌታ ሄደው ጠየቁ። መሪጌታ «ነገሩ ያከራክራል» ብለው መለሷቸው። ሲመለሱ ከበፊቱ ይልቅ ተምታቶባቸው ነበር።

እኔ ደግሞ አርፌ አልቀመጥም። «እሺ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ፣ ከዛፎቹ ሥር ያለውን ጥቁር አፈር እናምጣ፤ ንጹሕ ነው፣ የተባረከም ነው» አልኩ። እማሆይ አማተቡ። «የሙታን አፈር ቤቴ ይገባል?» አሉ። እሱም ቀረ። በመጨረሻ ባለቤቴ ከወንዙ ዳር አሸዋ የበዛበት አፈር አስመጡ። በወንፊት ነፉት። ንጽሕናው አልበቃቸውም መሰለኝ እንደ ገብስ በውሃ አጠቡት። አፈር ሲታጠብ ያየሁት ያን ቀን ነው፤ የታጠበበት ውሃ ጥቁር ሆኖ ሲፈስ ጎረቤታችን ለጎመን መደቧ በእንስራ እየቀዳች ወሰደችው። እኔም ጋኑ ውስጥ የቀረውን ነጭ አሸዋ እያየሁ «ይሄ ምን ሊበላ ነው?» ብዬ አሰብኩ። ብናገርም የሚሰማኝ አልነበረም።

ታዲያ በቀለ! እኔ አፈርኩ። ያ ደረቅ እንጨት ጎኑ ላይ አበጠና ጥርስ የመሰለች ቅጠል አወጣ፣ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ። ባለቤቴ ለኪዳን ከመሄዳቸው በፊት ጎንበስ ብለው ያዩታል፣ ሲመለሱም ነጠላቸውን ሳያወልቁ ያዩታል። አንድ ጠዋት ሲያዋሩት ሰምቻቸዋለሁ፤ ምን እንዳሉት አልሰማሁም። እኔም ደስ ብሎኝ ነበር። ሳቃቸው ከዚያ በፊት እንዲያ አይሰማም ነበር።

ደስታው ብዙ አልቆየም። ቅጠሉ ቢጫ መሆን ጀመረ፤ ጅማቱ አረንጓዴ፣ መሃሉ ቢጫ። አንዱ ቅጠል ረገፈ። ባለቤቴ የረገፈውን ቅጠል መዳፋቸው ላይ አድርገው ለእማሆይ አሳዩ። እማሆይ ፍርዱን ሰጡ፤ «ሰው ሲታመም ምን ይደረጋል? ጸበል ይጠጣል። እሱም ይጠጣ።» በዚያ ላይ ክርክር የለም። ከገደሉ ሥር ከሚፈልቀው ጸበል በእንስራ መቅዳት ሥራዬ ሆነ። ያ ጸበል ለሆድ ቁርጠትና ለእከክ ስሙ የታወቀ ነው፤ ሲጠጡት ግን ይመራል፣ ምላስ ላይ የሚቀር ጨዋማ ነገር አለው። ተክሉ በቅል ይሰጠዋል። እማሆይም እምነት፣ ማለት ከቤተ ክርስቲያን የሚመጣውን የተባረከ አመድ፣ ከላይ ይበትኑበታል።

አንድ ቀን ወለሉ ላይ እርጥበት አየን። ለካ ጋኑ ሥሩ ላይ ስስ ስንጥቅ ኖሮት ውሃው እያዘገመ ይወጣ ነበር። ባለቤቴ ደነገጡ። ውሃው ጸበል ነው፤ ጸበል መሬት ላይ ፈስሶ እግር ሊረግጠው ነው! የጧፍ ሰም አቅልጠው ስንጥቁን ደፈኑት። ሲደፍኑት ጥሩ አድርገው ነው የደፈኑት፤ ከዚያ ወዲያ አንዲት ጠብታ አልወጣችም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን እንዴት ብዬ በቅደም ተከተል እንደማወራው አላውቅም፣ ምክንያቱም ያኔም ነገሩ ሁሉ ዞሮብኝ ነበር። ጋኑ ይሸት ጀመር፤ የረጋ ኩሬ ይሸታል። እማሆይ «የድሮው ጠላ ነው፣ ጋን አይረሳም» አሉ። ቅጠሉ በረገፈ ቁጥር ጸበሉ ይጨመራል፤ ጸበሉ በተጨመረ ቁጥር ቅጠሉ ይረግፋል። ከዚያ ከአፈሩ ላይ ነጭ ነገር ወጣ፣ እንደ ስስ ውርጭ። ጎረቤቶች መጥተው አዩ። አንዷ «ምልክት ነው» አለች። ሌላዋ «ዓይን ነው» አለች። እኔ ማንም ሳያየኝ በጣቴ ነክቼ ቀመስኩት። ጨው! ከአበርገሌ በኩል አሞሌ ጭኖ የሚያልፈውን ግመል ሁሉ እያየሁ አድጌ ጨው አይጠፋኝም። «እማሆይ፣ ጨው ነው» አልኩ። «ታዲያ የበረከት ጨው ነዋ» አሉኝ። ምን ይባላል? የበረከት ጨው ተክል ይገድላል ልበል? ማን ነኝና?

ልናገረው ያልቻልኩት ይህ ነበር። ጸበሉ ነው የሚገድለው ብሎ የሚናገር አፍ በዚያ ቤት አልተፈጠረም። እኔም ብሆን በልቤ እንኳ ሙሉውን አላልኩትም። ግማሹን እልና እደነግጣለሁ፤ የቀረውን በማማተብ እዘጋዋለሁ።

ዓይን ነው የተባለው ባለቤቴን በጣም ከነከናቸው። ከመስኮቱ አንስተው ወደ ውስጠኛው ጥግ አስገቡትና መጋረጃ ጋረዱበት። ጋኑ መጋረጃ ገባ፤ እንግዲህ በመጋረጃ ውስጥ ያለ ነገር እንደ መቅደስ ሊከበር ነው። ወር በመጣ ቁጥር የሴት ልማዴ በሚሆንበት ጊዜ መጋረጃውን ማለፍ ተከለከልኩ። በዚያ አልተቀየምኩም፤ ቤተ ክርስቲያንም የማልገባበት ጊዜ ነውና ተፈጥሯዊ መሰለኝ። የተቀየምኩት በሌላ ነው። አንድ ወር ልማዴን ጨርሼ፣ ታጥቤ፣ መጋረጃውን ስገልጥ ግንዱ ላይ አዲስ አረንጓዴ ጫፍ ወጥቶ አገኘሁ። እማሆይ ከኋላዬ ቆመው ነበር። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ በክፋት ሳይሆን እንደሚያዝን ሰው፣ «ልጄ፣ አንቺ ስትርቂው ነው የሚያገግመው» አሉኝ።

ማታ ስተኛም ጠዋት ስነሳም ያን ንግግር ነው የማስበው። እውነት ይሆን? እኔ ከፃግብጂ ይዤው የመጣሁት ነገር ይኖር ይሆን? እጄ ነው? ትንፋሼ ነው? ሊጥ ሳቦካ ይነሳል፣ የነካኋት ዶሮ ትጥላለች፤ ታዲያ ይሄ ምን አርጌው ነው የሚጠላኝ? ለመፈተን ብዬ በንጹሕ ቀኔም መጋረጃውን ሳላልፍ ቆየሁ። ባሰበት። ተመለስኩና ውሃ ሰጠሁት፤ ያው ቢጫ ነው። እንደገና ራቅኩ፤ አንዲት ቅጠል ብቅ አለች። እንደገና ቀረብኩ፤ ሁለተኛ ቅጠል ደገመች! ኧረ ምኑን ልያዝ? መጋረጃውን ገልጬ ስወጣ ባለቤቴ የሚያዩኝ አስተያየት ተለውጧል። ከዚያ ዓይነት አስተያየት ስድብ ይሻለኛል።

በዚህ መሃል የግብርና ሠራተኛ ወደ ሰቆጣ መጣ ተባለ፤ ባለቤቴ ቤት ድረስ ጋብዘው አመጡት። ወጣት ነው፣ ትሁት ነው፤ መጋረጃውን ሲገልጡለት ጫማውን ሊያወልቅ ሁሉ ቃጥቶት ነበር። አፈሩን በጣቱ ወጋ ወጋ አደረገና «አባ፣ ውሃው በየት ነው የሚወጣው?» አለ።

«ለምን ይወጣል?» አሉ ባለቤቴ። «ጸበል ነው፤ ወለል ላይ ፈስሶ ይረገጥ?»

ሰውዬው እኔን አየኝ፣ እማሆይን አየ፣ ጣራውን አየ። መናገር የፈለገው ነገር ነበረው፤ እንደ እኔው ግማሹን በልቡ ብሎ የቀረውን የዋጠው ይመስለኛል። ከቦርሳው በወረቀት የተጠቀለለ ነጭ ነገር አወጣና «ይህን ማዳበሪያ ይጨምሩበት፤ ከቁንጥር እንዳያልፍ» ብሎ ሄደ። እኔ ወረቀቱን ስከፍተው ራሴን ያዝኩ። ከላይ ያለው ነጭ መጥፎ ነው ብዬ ስጨነቅ ከከተማ ደግሞ ሌላ ነጭ መጣልን!

ባለቤቴ ወረቀቱን ይዘው ቆሙ። «ቁንጥር?» አሉ። «ለእግዚአብሔር ቤት በቁንጥር ይሰጣል? ለመቅደስ የሚሆን ነገር ላይ እጅ አይታጠፍም።» አይታጠፍምና በእፍኝ ሰጡት። ሳምንት ሳይሞላ የቀረው ቅጠል ዳር ዳሩ ተቃጠለ፣ ጠቆረ፣ ረገፈ። ግንዱ ብቻውን እንደመጣበት ቀን ደረቅ እንጨት ሆኖ ቆመ። ሁለተኛው ጥምቀት አልፏል። ባለቤቴ መጋረጃውን ራሳቸው አውርደው አጠፉት፤ ያን ዕለት ምሳ አልበሉም።

እንግዲህ የሞተ ተክል ይጣላል። ግን ያ ጋን እንዴት ይጣላል? ውስጡ ያለው አፈር ጸበል የጠጣ፣ እምነት የተነሰነሰበት ነው። የሰውም የከብትም እግር የማይረግጠው ቦታ ያስፈልገዋል። በኛ ግቢ ደግሞ እንዲህ ያለ ቦታ አንድ ብቻ ነው፤ ከቤቱ ጀርባ፣ በግድግዳውና በትልቁ ቋጥኝ መካከል ያለች ጠባብ ጥግ። ፍየል እንኳ አይገባባትም። ባለቤቴና አንድ ጎረቤት ጋኑን እየጎተቱ እዚያ ወሸቁት፤ ሲጎትቱት ቋጥኙ ላይ ሄዶ ሥሩ ቋ ሲል ሰምቻለሁ። እማሆይ «ጋኔ!» ብለው ጮኹ። ከዚያ ወዲያ ማንም ወደዚያ አልሄደም።

ከእኔ በቀር። ምክንያቱን ልንገራችሁ፤ እግር የማይረግጠው ቦታ የሚያስፈልገው ለጸበል ብቻ አይደለም። ሴት በልማዷ ጊዜ የታጠበችበት፣ ልብሷን በእንዶድ ያጠበችበት ውሃም ሰው በሚያልፍበት አይደፋም፤ ነውር ነው። እናቴም እንዲህ ነበር ያስተማረችኝ። እኔ ከተዳርኩ ጀምሮ የምደፋው እዚያችው ጥግ ነበር። ሌላ ቦታ አልነበረኝም። ጋኑ ከመጣ በኋላም ያው እዚያው ነው የደፋሁት፤ ጋኑ ቦታውን ስለሞላው ውሃው አፉ ውስጥ ይገባል፣ ከሥሩ በስንጥቁ ይወጣል። ስለ ወይኑ አላሰብኩም። ሞቷል ብዬ ነበር።

ክረምቱ ገባ። ከጣራው ጠርዝ የሚወርደው ዝናብ እዚያ ነው የሚወድቀው፤ ጎርፉም ከበረቱ በኩል የሚያመጣውን አምጥቶ እዚያ ያራግፋል። አንድ ቀን ውሃዬን ልደፋ ጎንበስ ስል ከግንዱ ላይ ቅጠል አየሁ። ትልቅ ነው፤ እንደዚያ ያለ አረንጓዴ ቤት ውስጥ እያለ አላየሁበትም። ለማንም አልተናገርኩም፤ ከተናገርኩት እንደገና ቢጫ የሚሆን መሰለኝ። ከዚያ ሐረጉ ወጣ፣ ቋጥኙን ያዘ፣ ግድግዳውን ያዘ። እኔ እንደ ልማዴ መሄዴን ቀጠልኩ። ምን እንዳዳነው ጠይቁኝ፣ አላውቅም። የጋኑ መሰንጠቅ ነው? ፀሐዩ ነው? ዝናቡ ጨውን አጥቦለት ነው? የበረቱ ጎርፍ ነው? ወይስ የኔው ውሃ? ሁሉንም አስቤ ሁሉንም ጥዬዋለሁ።

ሦስተኛው ጥምቀት ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ባለቤቴ የጠፋች ዶሮ ሲፈልጉ ወደዚያ ጥግ አንገታቸውን አስገቡ። ጩኸታቸውን ሰምቼ ሮጥኩ። ከሐረጉ ላይ ጠቆር ያሉ ዘለላዎች ተንጠልጥለዋል። ባለቤቴ ተንበርክከዋል፣ እንባቸው ጺማቸው ላይ ይወርዳል። «አፈራ! አፈራ!» ይላሉ። እማሆይ እልል አሉ። ከዚያ ባለቤቴ ዞረው «ማን ነው ያጠጣው?» አሉ።

ዝም ማለት እችል ነበር። ዝናብ ነው ብል ውሸትም አይሆንም። ግን ስታንገሸግሸኝ የኖረችው ንግግር ትዝ አለችኝ፤ «አንቺ ስትርቂው ነው የሚያገግመው»። ደረቴን ነፍቼ «እኔ ነኝ!» አልኩ። «በየወሩ፣ በልማዴ ጊዜ የምታጠብበትን ውሃ ሁሉ የጠጣው እሱ ነው። ሌላ ሰው እዚህ አይደርስም!» በኩራት ነው ያልኩት፣ እውነቴን ነው፣ በኩራት። እማሆይ እልልታቸውን መሃል ላይ አቆሙ። ባለቤቴ ቀስ ብለው ከተንበረከኩበት ተነሱ። ያን ጊዜ ነው ምን እንዳልኩ የገባኝ።

አልተቆጡም። ዘለላዎቹን አንድ በአንድ ለቀሙ፣ በሰፌድ አድርገው ጣራ ላይ አሰጡት። በየቀኑ ወጥተው ያገላብጡታል። እኔ ከታች ሆኜ አያቸዋለሁ። ይወስዱት ይሆን? ይደፉት ይሆን? መሪጌታን እንዳይጠይቁ የኔን ጉድ ሊያወሩ ነው፤ እንዳይተዉት ቁልፉ ሊሄድ ነው። «ምን አሰቡ?» አልኳቸው አንድ ቀን። «እየደረቀ ነው» አሉኝ። ፍሬው ተጨማደደ፣ ጠቆረ፣ ዘቢብ ሆነ። ነጋዴው ከሚያመጣው በምንም አይለይም።

ጥምቀት ደረሰ። ታቦቱ ከገባ በኋላ ሕዝቡ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ዛፍ ሥር ተሰበሰበ፤ መሐላውን ያልረሳ ሁሉ ባለቤቴን ነው የሚያየው። ባለቤቴ ባዶ እጃቸውን ቆሙ።

«ወይኑ አፍርቷል» አሉ። «ለመገበሪያ ግን አይሆንም።»

«ለምን?» አለ አንዱ።

«እኔ አውቃለሁ።»

«ካፈራ ለምን አይሆንም? አሳየና!»

«ምክንያቱን አልናገርም» አሉና ቁልፎቹን ከወገባቸው ፈትተው መሬት ላይ አኖሩ። ሰው ተንጫጫ። አንዱ «ጭራሽ አልበቀለም፣ ሊያታልለን ነው» ይላል፣ ሌላው «ሸጦት ነው» ይላል። ከሴቶቹ አንዷ ጆሮዬ ሥር «ባልሽ ምን ሆነ?» አለችኝ። ምክንያቷ አንዴ ከአፋቸው ብትወጣ ጥፋቱ የኔ፣ ክብሩ የሳቸው ይሆን ነበር። አላወጧትም። ስድቡን ሁሉ ቆመው ተቀበሉ። እኔን እየሸፈኑ ነው ወይስ በኔ እያፈሩ ነው? ልቤ ሁለቱንም እያለ እንባዬ ይወርዳል፤ በምን እንደማለቅስ እንኳ ለይቼ አላውቅም ነበር።

ቤት ስንገባ ሰፌዱን ከጣራ አውርደው ፊታቸው አስቀመጡ። «ብዪ» አሉኝ።

«አልበላም! ለመቅደስ ያረከስኩት ለእርስዎ አፍ እንዴት ሆነ? ያውልዎት፣ ለፍየል ይስጡት!»

ቀና ብለው አዩኝ። እንደዚያ ካዩኝ ብዙ ጊዜ ሆኗቸው ነበር። «አንቺ አይደለሽም እንዴ ያበቀልሽው?» አሉ። «እንዴት ብዬ ልጣለው?»

ከዚያ አንዷን ፍሬ አፋቸው ውስጥ ጨመሩ፣ ቀስ ብለው አላመጡ፣ ሌላዋን አነሱ። እኔ ቆሜ አለቅሳለሁ፣ እሳቸው ተቀምጠው ይበላሉ። ሰፌዱን አንጠፍጥፈው ጨረሱት። አንዲት ፍሬ አላስቀሩልኝም፤ ጣዕሟ ምን ይመስል እንደነበር አላውቅም።